ከንቲባው ጋ ሽማግሌ ስንልክ

ሚኒያፖሊስ ውስጥ ምግብ ቤት ለመክፈት ምድጃና ወንበር አይበቃም፤ ጎረቤት እንዲወድህም ያስፈልጋል። እኔን ደግሞ እናቴ እንኳ የወደደችኝ ሌላ ምርጫ ስላልነበራት ነው።

ጊዜው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። እኔ ሴንት ፖል እየኖርኩ ታክሲ እነዳለሁ። ሸሪኬ ሁለቱን ከተሞች ከሚለየው ወንዝ ማዶ፣ ሚኒያፖሊስ ነው ያለው። አስመራ ተወልዶ በአማርኛ የተማረ፣ በዕድሜ አስር ዓመት ያህል የሚበልጠኝ ሰው ነው። አማርኛው ከእኔ አማርኛ ይበልጣል፤ በተለይ ሲሳደብ። እኔ "ጋሼ፣ እርስዎ" እለዋለሁ፣ እሱ "አንተ ልጅ" ይለኛል። ያኔ ጭንቅላቴ ላይ የቀረው ፀጉር ለልጅነት የሚበቃ አልነበረም።

ደቡብ ሚኒያፖሊስ ውስጥ ድሮ ጫማ ጠጋኝ የነበረበት ቤት ተከራየን። እሱ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ በአልጋ እየገፋ ከፎቅ ፎቅ የሚያመላልስ ሠራተኛ ነበር። ወገቡ አለቀ፣ ሥራውን ለቀቀ። "ይሄ ቤት ካልተከፈተ ተመልሼ አልጋ ልገፋ ነው" ይለኛል። "አንድ ቀን ከሚተኛውና ከሚገፋው የትኛው እንደሆንኩ ይጠፋኛል።" እኔ ታክሲዬ አለችኝ። ለእሱ ግን ያ ቤት የመጨረሻው ነው።

ላይሰንሱ፣ ማለትም ፈቃዱ፣ ከመሰጠቱ በፊት የሰፈሩ ሰው ሚቲንግ አለ ተባልን። ወደ አንድ ቤተክርስቲያን ምድር ቤት ሄድን። የሚኒሶታ ሰው ሲጠላህ አይጮህብህም፤ ኩኪስ ያቀርብልህና ፈገግ እያለ ነው የሚጠላህ። ሽታው ይጠየቃል፣ ፓርኪንጉ ይጠየቃል፣ ቆሻሻው የት ይጣላል ይባላል። ከቤታችን ፊት ለፊት የምትኖር ፀጉረ ነጭ አሮጊት ተነሳች።

"እዚያ በር ላይ ከአሁኑ ወንዶች ቆመው ያወራሉ" አለች። "ያውም እየጮሁ። ስለ ምንድነው የሚያወሩት?"

ሸሪኬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና "ስለ አንቺ ነው በላት" አለኝ።

"ስለ እግር ኳስ ነው" ብዬ ተረጎምኩ።

"ስለ እግር ኳስ ያን ያህል ይጮሃል?"

"ቡድናችን በጣም ደካማ ነው" አልኳት። አንድም ሰው አልሳቀም። ከኋላ ያለ ሰው ኩኪሱን ማኘክ እንኳ አቆመ።

መጨረሻ ላይ በካውንስሉ፣ በከተማው ምክር ቤት ማለት ነው፣ የሰፈሩ ተወካይ ወደ እኛ መጣች። አጠር ያለች፣ ብዙ የማታወራ ሴትዮ ናት። "ከሂሪንጉ በፊት ቢሮዬ ኑና እንነጋገር" አለችንና ሄደች። ሂሪንግ የሚሉት ስለ ፈቃዱ ሰው የሚሰማበት ስብሰባ ነው።

እዚህ ላይ ነው ጉዱ የጀመረው። "የሰፈር ተወካይ" ሲባል ለእኛ ቀበሌ ነው። ከደርግ ቀበሌ የተረፈ ሰው ደግሞ ቀበሌ ሲጠራው እየሮጠ አይሄድም፤ በላይ በኩል ነው የሚዞረው።

"ቀበሌ ምን ይፈይዳል!" አለ ሸሪኬ። "የሚያዘው ማነው?"

"ከንቲባ ነዋ!" አልኩ። ማስረጃም ነበረኝ። አንድ ዊንተር ሴንት ፖል ውስጥ የመንገዳችን በረዶ ሳይጠረግ ቀርቶ ከንቲባው ቢሮ ደውዬ ነበር። በማግስቱ ጠራጊው መኪና መጣ፣ መንገዱን ጠረገ፣ የእኔን ታክሲ ቀበረልኝ። ከዚህ በላይ ሥልጣን አለ እንዴ?

ነገሩን ለአንድ ሽማግሌ አማከርን። አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ተቀጥረው ያረጁ፣ ከንቲባ ሲሾም ከንቲባ ሲሻር ያዩ ሰው ናቸው። "ከንቲባ የከተማ አባት ነው" አሉን። "አባት ጋ በክርክር አይኬድም፤ በሽማግሌ ነው። ባዶ እጅም አይኬድም።" ሁለት እኩዮቻቸውን ጨምረው፣ ለእጅ መንሻ አዲስ ጋቢ ለሸሪኬ አስይዘው፣ ቀጠሮ በያዝንበት ቀን ከእኛ ጋር ተነሱ።

የሚኒያፖሊስ ሲቲ ሆል አሮጌ የድንጋይ ግንብ ነው፤ ከውጭ ሲያዩት ፍርድ ቤትም ቤተክርስቲያንም ይመስላል። ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን ከሱፍ ኮታቸው በላይ ደርበው ከፊት፣ እኔ የሰርግ ሱፌን ለብሼ ከኋላ። ሱፉ በሰርጌ ቀን ልክ ነበር፤ አሁን ቁልፉን የቆለፍኩት ትንፋሼን ይዤ ነው፣ ሰው ሰላም ስል ሁሉ ይፈታል።

ወደ ከንቲባው ቢሮ የሚወስደው ኮሪደር የካውንስሎቹን ቢሮ አልፎ እንደሚሄድ ማን ነገረን? አንዱ በር ተከፈተና ያቺ ሴትዮ የቡና ኩባያ ይዛ ወጣች። አየችን። ፊቷ በራ።

"ኦ! ወደ እኔ ነው የመጣችሁት?"

"ማናት?" አሉኝ ሽማግሌው።

"የሰፈሩ ካውንስል ናት፣ አባባ።"

"እ፣ ቀበሌዋ" አሉና በጣም በአክብሮት ጎንበስ ብለው እጅ ነስተዋት አለፉ። ሁለቱም እኩዮቻቸው ተራ በተራ እጅ ነስተው አለፉ። ሸሪኬም አለፈ። እኔ ብቻ ከነሆዴ ፊቷ ቀረሁ።

"አይ፣ ከንቲባው ጋ ነን" አልኳት።

ጋቢውን አየችው፣ እኔን አየችኝ። "ጉድ ላክ" አለች። የሚኒሶታ ሰው በዚያ ድምፅ መልካም ዕድል ከተመኘልህ ቤትህ ገብተህ በርህን ብትቆልፍ ይሻላል።

ከንቲባው ጋ አልገባንም፤ አንድ መነጽር ያደረገ ወጣት ረዳት ነው የተቀበለን። ሽማግሌው ቆመው መርቀው ጋቢውን ዘረጉለት። ልጁ እጁን ወደ ኋላ ሰበሰበ፣ ስጦታ መቀበል በሕግ ክልክል ነው አለ። እኔ ስተረጉም የሽማግሌው ፊት ጠቆረ። እጅ መንሻ ሲመለስ እኛ አገር ትርጉሙ አንድ ነው፦ ሂድ፣ አልታረቅህም።

"ሰክሯል ወይስ ጠልቶናል?" አለ ሸሪኬ።

ልጁ ድንጋጤያችንን አይቶ ሊያዋዛን ፈልጎ መሰለኝ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን የድሮ ከንቲባዎች ያሳየን ጀመር። እንትና የሚባለው ምክትል ፕሬዚዳንት እስከ መሆን ደረሰ አለ። ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት የነበረው ሌላው ደግሞ ወንድሙን የፖሊስ አዛዥ አድርጎ ሾሞ፣ ከወንበዴ ጋር ከተማውን ሲዘርፍ ቆይቶ ሲነቃበት ጠፋ። "እኛ ጋ ድሮም ከንቲባው ብዙ ሥልጣን የለውም" አለ እየሳቀ። "የከተማው ሕግ ነው። ፖሊሱ በከንቲባው ስር ነው፣ በጀት ያቀርባል፣ የካውንስሉን ውሳኔ መጣል ይችላል፣ በዚህ አበቃ። ይሄን እንለውጥ ተብሎ በየዘመኑ ተሞክሯል፣ ሕዝቡ እምቢ እያለ ነው የቀረው። ጠንካራ ከንቲባ ከፈለጋችሁ ወንዙን ተሻግራችሁ ሴንት ፖል ነው።"

ለሽማግሌዎቹ ተረጎምኩላቸው። ማዘጋጃ ቤት ያረጁት ሰውዬ የሌባውን ከንቲባ ታሪክ ትንሽ አሰቡበትና "ታዲያ ያኛው ይሻል ነበር፤ ቢያንስ ሥልጣን ነበረው" አሉ። "ይሄኛው ሰርቆም አይጠቅመንም።"

"ላይሰንሱን ማነው ታዲያ የሚሰጠው?" ብዬ ጠየቅኩት ልጁን።

"ካውንስሉ ነዋ። የሰፈራችሁ ተወካይ ካልተቃወመች ብዙ ጊዜ ሌሎቹም አይቃወሙም። አናግራችኋታል አይደል?"

ያኔ የሱፌ ቁልፍ ተፈታች፤ ማንንም ሰላም ሳልል።

ስንመለስ የሴትዮዋ በር ተዘግቷል። ፓርኪንግ ደረስን። ሽማግሌዎቹን መኪና ውስጥ አስገብቼ በሩን ስዘጋ ነው ሸሪኬ የጀመረኝ።

"አንተ ልጅ፣ 'ከንቲባ ነዋ' አላልክም? የሴንት ፖል በረዶ ተጠረገልህና የሁለቱን ከተማ አስተዳደር አወቅሁ ብለህ!"

"እርስዎ 'ቀበሌ ምን ይፈይዳል' አላሉም?"

"እኔ ጠየቅሁ! የመለስከው አንተ ነህ! ለነገሩ የእናንተ ሰው ልማዱ ነው፤ ትልቅ ሰው ፊት መስገድ እንጂ ሥራ የሚሠራውን መለየት አይችልበትም።"

"የእናንተ ሰው" የምትለዋ ቃል በዚያን ሰሞን ሚኒሶታ ውስጥ ክብሪት ነበረች። አገሩ ተለያይቷል፣ ሰዉ ግን ገና በአንድ ጠረጴዛ ይበላል። እኔም ክብሪቷን ጫርኩ። "አንተ ራስህ ጋቢውን ተሸክመህ አልነበር!" አልኩት።

እሱን አንተ ስለው የመጀመሪያዬ ነበር። የመኪናው መስኮት ተከፍቶ ሽማግሌው "ኧረ እኛን አድርሱንና ተዋጉ" አሉ።

ሂሪንጉ ላይ አሮጊቷ ጎረቤታችን ቀድማ መጥታ ነበር። ስለ ሽታው፣ ስለ ፓርኪንጉ፣ ስለ ወንዶቹ ተናገረች። የካውንስሏ ሴትዮ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ሰው ክፉ ሲሆን ምነው በጮኸ ትላለህ። "ባለቤቶቹ ስለ ጎረቤቶቻቸው ቅሬታ ሊያነጋግሩኝ ቢሮዬ መጥተዋል?" ብላ ጠየቀችን።

ደጅሽ ላይ ጎንበስ ብለን ነበር ይባላል?

"አልመጣንም" አልኩ።

አለቀ። አልፈቀዱልንም። ሸሪኬ እንግሊዝኛው ባይሞላም ያቺን መልስ ለመረዳት አስተርጓሚ አልፈለገም።

ዕቃችንን የተካፈልነው መንገድ ላይ ነው። እሱ ምድጃውንና ማቀዝቀዣውን፣ እኔ ወንበሮቹን። ለምን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም፣ ምድጃ የሌለው ሰው ወንበር ምን ያደርግለታል። አሮጊቷ ከበረንዳዋ ላይ ሆና ታየናለች፤ ምድጃውን ስናነሳ መጮሃችን ደግሞ አይቀርም።

"ስለ እግር ኳስ ነው በላት" አለኝ ሸሪኬ። ከዚያ ቀን በኋላ አልተነጋገርንም።

እሱ ሆስፒታል ተመልሶ አልጋ ገፋ። ወገቡን በመቀነት አስሮ እየገፋ እንደሆነ የነገሩኝ ሰዎች፣ ለእኔ ሲነግሩኝ እሱን የገፋሁት እኔ ይመስል አይን አይኔን ያዩኛል። ቆይቶ ግን ምግብ ቤቱን ከፈተው። ሴንት ፖል! ያውም እኔ ሰፈር፣ የእኔ በረዶ በሚጠረግበት መንገድ። ከመክፈቱ በፊት የሰፈሩን ካውንስል፣ የካውንስሉን ረዳት፣ ጎረቤቱን፣ የጎረቤቱን ውሻ ሳይቀር አነጋግሯል ይባላል። እኔን ብቻ ነው ያላነጋገረኝ።

አልሄድም። በበሩ ሳልፍ ነዳጅ እረግጣለሁ። ባለቤቴ ግን እሁድ እሁድ ከእሱ ቤት ጥብስ ገዝታ ትመጣለች፤ እኔም በዚያ በደረሰኝ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ እበላለሁ። "ጨው አንሶታል" እላለሁ በየጊዜው።

"ዳድ፣ ኢትስ ፋይን" ትለኛለች ልጄ።

ጨው እጨምርበታለሁ። ያኔ ይበላሻል፣ እኔም ደስ ይለኛል።