በሁለት ፈረቃ መካከል

ወሬው የደረሰኝ የመረቡን ገመድ ከእንጨቱ ላይ ሳስር ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር፤ ድሬዳዋ ውስጥ ከምንሠራበት ፋብሪካ ጀርባ ባለው አቧራማ ሜዳ የሴቶች መረብ ኳስ ቡድናችን ይለማመዳል። አንዷ የቡድናችን ልጅ መጥታ አጠገቤ ቆመች። ሙስሊም ናት፤ ፈትል ክፍል ውስጥ ከጓደኛዬ ከረጅሟ ጋር ሌሊት ሌሊት ጎን ለጎን ይሠራሉ።

«አቦ፣ ጓደኛችሁ ሌሊት ጣቷን ማሽን ልታስበላ ነበር» አለችኝ።

«ምን ሆና?»

«ጠጥታ ነዋ! እኔ ነኝ ጎትቼ ያወጣኋት። ለፎርማኑ አልተናገርኩም። ወላሂ፣ ሁለተኛ ካየኋት ግን እናገራለሁ። ከምትቆረጥ ብትባረር ይሻላታል። እናንተ ግን ቤተ ክርስቲያን አብራችሁ የምትሄዱት ለምንድነው?»

የያዝኩትን ገመድ እዚያው ለቀቅኩት።

ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ ረጅሟና ቀጭኗ። ከደጋ ለሥራ የወረድን፣ ከተማው ውስጥ ዘመድ የሌለን፣ አንድ የንስሐ አባት የያዝን። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ቁጭ እንልና «ሳምንቱ እንዴት ነበር?» እንባባላለን። «ደህና» ብሎ ማለፍ አይቻልም። የተጣላሽውን፣ የዋሸሽውን፣ ጸሎት ትተሽ የተኛሽበትን ትናገሪያለሽ። ዘመኑ የስብሰባ ነበር፤ ቀበሌም ሂስ፣ ፋብሪካም ሂስ። እዚያ ሰው ጥፋቱን የሚናገረው ፈርቶ ነው፣ የሰማውም ይዞበት ይቆያል። ከዛፉ ሥር የተነገረው ግን እዚያው ይቀራል። በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ «ያ ነገር የት ደረሰ?» ተብለሽ ትጠየቂያለሽ።

ከዚያ የረጅሟ ወንድም ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ከሰሜን መርዶው መጣ። አብረናት አለቀስን። ብዙ ሳይቆይ ፋብሪካው ሦስታችንንም በተለያየ ፈረቃ ደለደለን፤ እሑዳችንም ተበታተነ። እኔ ቤተ ክርስቲያን ስደርስና ረጅሟን ሳጣት «ከቀጭኗ ጋር ትመጣ ይሆናል» እላለሁ። ቀጭኗም ስለ እኔ እንደዚያው ታስባለች። የንስሐ አባታችን «ልጄ የት ጠፋች?» ሲሉ «ፈረቃ ይዟት ነው፣ አባ» እንላቸዋለን። እሳቸውም አመኑን፤ እኛም ራሳችንን አመንን። እሷ ግን ሌሊቱን በጫት ትገፋለች፣ ሲነጋ እንቅልፍ እንዲወስዳት አረቄ ትጠጣለች። በኋላ በኋላ አረቄው ከሥራ በፊትም መጣ።

ቀጭኗ ሜዳው ላይ ስለነበረች ሮጬ ነገርኳት። «አንቺ ጋ ናት ብዬ እኮ...» አለች።

አሰልጣኛችን ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ አንድ የማይለወጥ ሕግ ነበራቸው። ኳስ በሁለት ተጫዋች መካከል ስትወድቅ ጨዋታውን ያቆማሉ። እኛ እርስ በርስ ስንጠቋቆም «ዳኛ ፍርድ ቤት ነው ያለው!» ይሉናል። ሁለታችንም እጃችንን አንስተን «የኔ ነበረች» እስክንል ኳሷ ከመሬት አትነሳም።

«የኔ ነበረች» አልኩ።

«የኔም» አለች ቀጭኗ።

አሰልጣኙ ሰሙን። «ገና መረቡ ሳይታሰር ምን ጣላችሁ?»

«ሰው» አለቻቸው ቀጭኗ።

ትንሽ አዩን። «ታዲያ እዚህ ምን ያስቆማችኋል? ሂዱ!»

ረጅሟ የተከራየችው ክፍል ገንደ ቆሬ ሰፈር ነበር። በሩን ገርበብ አድርጋ አየችን፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«እንዴ! ኮሚቴ ሆናችሁ መጣችሁ? ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ማነው?»

«አስገቢን፣ ፀሐዩ ገደለን» አልኳት።

«ሂሱን እዚያው በር ላይ ጨርሱት።»

«ሂስ አይደለም። የኔ ነበረች» አለቻት ቀጭኗ። እኔም ደገምኩ።

ሕጉን ታውቀዋለች። ያን ሁሉ ቁመት ይዛ ኳስ ስለምትፈራ ከሜዳው ዳር ቆማ ትስቅብን ነበር። «እኔ ኳስ ነኝ?» አለች።

«አንቺማ በቁመትሽ መረቡ ነሽ!» አለቻት ቀጭኗ።

ሳታስበው ሳቀች፤ ሳቁ ሳያልቅ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። «ወንድሜን ሲወስዱት እግዜር የት ነበር? ይኼን ጥያቄ ይዤ እንዴት ቤቱ ልግባ?»

«ይዘሽው ነዪ» አልኳት። «ማን ያለ ጥያቄ ይመጣል?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አልለቀቅናትም። ከሌሊት ፈረቃ እንዲያወጣት ፎርማኑን ደጋግመን ለመንነው። እስኪፈቀድ ድረስ ወደ ሥራ ስትገባ አንዳችን እስከ ፋብሪካው በር እንሸኛታለን፤ ከበሩ ወዲያ ያቺ ሙስሊም ጓደኛችን ትቀበላታለች። «ውስጡን ለኔ ተዉት» ብላናለች። ረጅሟ አንዳንድ ቀን ትሰድበናለች፣ «ዘበኞቼ መጡ» ትላለች። እኛም እንሰማና እንሸኛታለን። መሸኘቱን የምናቆመው የሌሊት ሥራው ሲቀርላት እንጂ ስትሰድበን አልነበረም።

እንደገና አረቄው ላይ የወደቀችበት ቀን ነበረ። ግን ያን ቀን ማንም መጥቶ አልነገረንም። ራሷ ወደ ሜዳው መጥታ፣ በጨዋታ መሐል፣ ከዳር ሆና እጇን አነሳች። «የኔ ነበረች!» አለች። አሰልጣኙ ጨዋታውን አስቆሙ። በማግስቱ ሦስታችንም አባ ዘንድ ሄድን።

ጣቶቿም እንጀራዋም ተረፉላት። ከዚያ በኋላ ከሁላችን በላይ ጠያቂ የሆነችው እሷ ናት። እኔ ወደ ሰው አገር ከመጣሁ ወዲህ እሑድ እሑድ እየደወለች «ሳምንቱ እንዴት ነበር?» ትለኝ ነበር። «እግዚአብሔር ይመስገን» ስላት «እሱማ ይመስገን፣ አንቺስ?» ትል ነበር። ባለፈው ዐቢይ ጾም አረፈች። ቀብሯ ላይ አልደረስኩም።

እዚህ የምሳለምበት ቤተ ክርስቲያን ሰዎቹ ደጎች ናቸው፤ ይስሙኛል፣ ስለ ጤናዬ ይጠይቁኛል። እሷ ካረፈች ወዲህ ግን እሑድ እሑድ ሥራ እየያዝኩ ቀርቻለሁ፤ የት ቀረሽ ያለኝ የለም። አንዱ ሌላው የጠየቀኝ ይመስለዋል። ይኼን ነገር አውቀዋለሁ።

ስለዚህ ያኔ እዚያ ሜዳ ላይ የነበራችሁ፣ አንቺ አድራሻሽ የጠፋኝ ቀጭኗ፣ አንቺም ከማሽኑ ጎትተሽ ያወጣሻት፣ ይኼ ከደረሳችሁ ደውሉልኝ። ሳምንቱ እንዴት ነበር በሉኝ። «ደህና» ካልኳችሁ ስልኩን አትዝጉት።