ከበር የመለስኳቸው ሦስት ደብዳቤዎች

ንፋስ መውጫ ላይ በአንድ አነስተኛ ኮሌጅ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ ስሠራ፣ የመምህራኑ ኢሜይል ሁሉ የሚያልፈው በእኔ እጅ ነበር። ኢሜይሉን የሚቀበለው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ቢሮዬ ጥግ ላይ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ያጓራል፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሮጬ የማስነሳውም እኔ ነኝ። መምህራኑን ያንገሸገሻቸው ግን የመብራቱ ነገር ሳይሆን አይፈለጌ መልእክቱ ነው። ሎተሪ ደርሶሃል የሚለው፣ መድኃኒት ግዛ የሚለው፣ ምን እንደሚል እንኳ የማይታወቀው። ዲኑ አንድ ሰኞ ጠዋት ቢሮዬ መጡና፣ «ስማ፣ ይኼን ቆሻሻ አንድ በለው። የራሴን ደብዳቤ ፍለጋ ግማሽ ቀኔ እያለቀ ነው» አሉኝ።

መላው አልጠፋኝም። ቆሻሻ የሚልኩ ሰርቨሮችን አድራሻ እየተከታተሉ የሚመዘግቡ ድርጅቶች አሉ፤ መዝገቡን ጥቁር መዝገብ እንለዋለን። ደብዳቤ በመጣ ቁጥር የእኛ ሰርቨር መዝገቡን ይጠይቃል። የላኪው አድራሻ እዚያ ላይ ካለ፣ ወይ ደብዳቤውን አስገብቶ ለብቻው ያስቀምጠዋል፣ ወይ ከበር ይመልሰዋል። እኔ ከበር ይመለስ አልኩ። መዝገቡንም ስመርጥ ከሁሉ ጥብቅ የሆነውን መረጥኩ። በሳምንቱ ቆሻሻው ድራሹ ጠፋ። ዲኑ በስብሰባ ላይ አመሰገኑኝ፤ እኔም ደረቴን ነፋሁ።

በዚያው ሰሞን አንዲት የእርሻ ትምህርት መምህርት ነበረች፤ የስማዳ ገበሬ ልጅ። ሁለት ዓመት ሙሉ በእረፍት ቀኗ ጋይንትንና እስቴን በእግሯ እያካለለች፣ ሊጠፉ የደረሱ የገብስ ዘሮችን ከሽማግሌ ገበሬዎች እየለመነች ሰብስባለች። እያንዳንዱን ዘር በትንሽ የጨርቅ ከረጢት ቋጥራ፣ ስሙንና የተገኘበትን ቀበሌ በእስክሪብቶ ጽፋበታለች። ስለዚህ ሥራዋ ውጭ አገር ላለ አንድ ፕሮፌሰር ጻፈችለት፤ ለዶክትሬት እንዲቀበላት። በግል ኢሜይሏ ልትልክ ስትል ያስቆምኳት እኔ ነኝ። «በኮሌጁ አድራሻ ጻፊ። የበለጠ ያከብሩሻል» አልኳት።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ከክፍል በፊት በቢሮዬ በር ብቅ ትላለች።

«ዛሬም የለም?»

«ቢመጣ የት ይቀራል? ትዕግሥት ይኑርሽ እንጂ።»

አንድ ቀን እንኳ ተነሥቼ ልይላት አላልኩም። በሠራሁት ሥራ ያን ያህል ተማምኜ ነበር። «እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ካልመለሱልኝ አለቀ» ብላኝ ነበር፤ ሚያዝያም አለቀ።

ግንቦት ውስጥ ሌላ መምህር ደብዳቤ ቀረብኝ ብሎ ሲያማርር፣ ሰርቨሩ የዕለት ውሎውን የሚጽፍበትን ፋይል ከፈትኩ። የእሱን ስፈልግ የእሷን አገኘሁ። የፕሮፌሰሩ ዩኒቨርሲቲ ሦስት ጊዜ ልኮላት፣ ሦስቱንም መልሰነዋል። ዩኒቨርሲቲው ያጠፋው ነገር አልነበረም። ከሰርቨሩ አድራሻ ቁጥር አጠገብ ያለ አንድ ቆሻሻ ላኪ ነው በመዝገቡ የተያዘው፤ ያ ጥብቅ መዝገብ ደግሞ ከነጎረቤቱ ነው የሚይዘው። ደብዳቤዎቹ በር ላይ ስለተመለሱ ምን እንደሚሉ የሚታይ ነገር የለም፤ የላኪው ስም፣ የእሷ ስም፣ ቀኑ ብቻ።

ማስተካከሉ አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። የተጠረጠረው ሁሉ ገብቶ ለብቻው ይቀመጥ አልኩት። ከዚያ ፋይሉን ዘጋሁና ለማንም አልተናገርኩም። ምናልባት አንቀበልሽም የሚል ይሆናል እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ አገኘችኝና፣ «ተውኩት። ጽሑፌ አልጣማቸውም መሰለኝ» አለችኝ።

«አይዞሽ፣ ሌላ ጊዜ ይሳካል» አልኳት።

በክረምቱ ወደ እስቴ ተዛወረች። ከሁለት ዓመት በኋላ ለሥልጠና ወደ እስቴ ከተማ፣ መካነ ኢየሱስ፣ ስሄድ አፈላልጌ አገኘኋት። ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት አጥር ሥር ቁጭ ብለን፣ ሁሉንም ነገርኳት። ሳታቋርጠኝ አዳመጠችኝ።

«መቼ ነው ያወቅኸው?» አለችኝ።

«ግንቦት ላይ።»

«ያኔ ብትነግረኝ በማግስቱ እጽፍላቸው ነበር።» ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ማሽን ይሳሳታል፣ ሰውም ይሳሳታል፤ በዚያ አልፈርድብህም። እኔ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ፣ አንቺ ማን ነሽና ነው ለፕሮፌሰር የጻፍሽው እያልኩ ራሴን ስሰድብ ኖርኩ። ከዚያ ወዲያ ለማንም አልጻፍኩም።»

«ዘሮቹስ?»

«ለአባቴ ሰጠኋቸው። ምን ያድርጋቸው፣ ቀላቅሎ ዘራቸው።»

ይቅርታ አልኳት፤ እሷም ራሷን ነቀነቀች፤ እሺ ማለቷ ይሁን አይሁን እስካሁን አላውቅም። ደወል ሲደወል ደብተሮቿን ይዛ ገባች።

ንፋስ መውጫ እንደተመለስኩ ለፕሮፌሰሩ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ገልጬ ጻፍኩ። በሦስተኛው ቀን መለሰ። ሊያነጋግራት ቀን ቆርጦላት እንደነበር፣ ደብዳቤው ተመልሶ ሲመጣበት ኮሌጁ የከለከላት መስሎት እንዳዘነ፣ ቦታውን ለሌላ ተማሪ እንደሰጠና አሁን እሱም ጡረታ ሊወጣ እንደሆነ ጽፏል። የገብሶቹን ስም በየተራ ጠርቶ፣ እንደምን አሉ ብሎ ጠይቋል።

ደብዳቤውን ሳልቀንስ ሳልጨምር ወደ ግል ኢሜይሏ ላክሁላት። ልተወው ይሆን ብዬ ግማሽ ቀን አመንትቼ ነበር፤ ግን መደበቁን አንዴ ሞክሬው አይቻለሁ።

መልሷ በሳምንቱ መጣ። አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፤ «ደርሶኛል» የምትል።