የበረዶ ውሃ

አገሯ ሳለች ውሃ የሚባል ነገር ስለማትፈራ «ዓሣ» ይሏት ነበር። ለዓመታት በጎማ ጀልባ እንግዳ ጭና ኃይለኛ ወንዝ ወርዳለች። ባሕር ማዶ ለበጋው በጀልባ መሪነት ስትቀጠር ቤተሰቡ ሁሉ «እሰይ፣ አለፈላት!» አለ።

የዚያ አገር ወንዝ ግን ከተራራ የቀለጠ በረዶ ነው። በሙከራው ቀን ጀልባዋ ቋጥኝ መትታ ተገለበጠች። ውሃው ውስጥ ትንፋሿ ቁርጥ አለ፤ ገመድ ቢወረውሩላትም ጣቶቿ አልጨብጥ አሉ። የመንሳፈፊያ ሰደርያዋን ይዘው ጎትተው አወጧት።

ከዚያ ወዲህ ጀልባ ላይ በወጣች ቁጥር ገና ቋጥኝ ስታይ ወደ ዳር ትቀዝፋለች። የመሪዎቹ አለቃ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ደጋግሞ ሞከራት። በመጨረሻ ግን «እህቴ፣ የሰው ነፍስ አደራ ልሰጥሽ አልችልም። ዕቃ ቤት ግቢ» አላት።

እዚያም የእንግዶቹን እርጥብ ልብስ ታጥብ ጀመር። ሻጋታው እያስነጠሳት፣ ሌሎቹ እየሳቁ ሲሳፈሩ በመስኮት ታያለች።

አንድ ቀን ታላቅ እህቷ ደወለች። «ዓሣዬ፣ ወንዙን ልክ አስገባሽው?»

«እትዬ፣ ብመለስስ?»

«ወዴት? በቦታሽ እኮ ሌላ ሰው ቀጥረዋል። እማዬም ለጎረቤቱ ሁሉ ስላንቺ ስታወራ ነው የምትውለው። ቻይው እንጂ!»

«እሺ» አለች።

በማግስቱ ማንም ሳይመጣ ወንዙ ዳር ወረደች። እግሯን ልትነክር ጫማዋን አወለቀች፤ ቆማ ቆማ መልሳ አጠለቀችው።

በጋው ሲያልቅ አለቃው ደስ ሊያሰኛት ብሎ «ለከርሞም ነይ፤ እንዳንቺ ልብስ የሚያጥብልን አላገኘንም» አላት።