ፈይዛ የመረጠችው ዲግሪ

ጓደኛዬ ፈይዛ ከጂዳ በተመለሰች ዓመት፣ መካነ ሰላም ላይ ለቅዳሜና እሑድ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት አብረን ተመዘገብን። እኔ ታሪክ መረጥኩ። ሱቅ ትከፍታለች ብሎ የጠበቀው ታላቅ ወንድሟ አዩብ አካውንቲንግ ተማሪ ቢላት፣ እንስሳት ሳይንስ ነው የምማረው አለችው።

«ይህን ያህል ዓመት ዐረብ አገር ኖረሽ፣ የላም ዲግሪ?» አላት። ቃሉ ሰፈሩን አዳረሰ። ፈይዛ አፍራ መስኩን ልትቀይር ተነሳች።

ያስቀሯት አባቷ ሼህ ሀምዱ ናቸው። ከወግዲ ገዝተው ወረኢሉ የሚሸጡ የከብት ነጋዴ ነበሩ። ፈይዛ ልጅ ሳለች ገበያ ይዘዋት ይወጣሉ፤ የበሬውን ጥርስ ገልጠው ያዩና «እስቲ አንቺስ ምን ትያለሽ?» ይሏታል። ጂዳ በሰው ቤት ልብስ ስትተኩስ የናፈቃት ያ ጥያቄ እንደነበር ነግራኛለች። እዚያ ምን ትያለሽ ያላት ሰው አልነበረም።

«አብሽሪ፣ ልጄ» አሏት አባቷ። «ያሳደገሽ ከብት ነው። የሚስቅ ይሳቅ።»

ስንመረቅ በዚያው ቀን እሳቸው ዘንድ ሄድን። ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር ፈይዛ የዲግሪ ወረቀቷን አነበበችላቸው።

«የሳይንስ ባችለር ዲግሪ፣ በእንስሳት ሳይንስ።»

«የሰብሌስ?» አሉ ወደ እኔ ዞረው።

«የአርትስ ባችለር፣ በታሪክ» አልኳቸው።

«አንድ ግቢ ተምራችሁ ስሙ ለምን ተለያየ?»

«ስሙ ትምህርቱን ተከትሎ ነው፣ አባ» አለች ፈይዛ። «እኔ መኖውን፣ በሽታውን፣ እርባታውን እየመረመርኩ ነው የተማርኩት፤ ይኸ ሳይንስ ይባላል። ሰብሌ የሰውን ኑሮ፣ ያለፈውን ዘመን ነው ያጠናችው፤ ያ አርትስ ነው። መስካችን ደግሞ ከሥሩ ይጻፋል።»

«እና እንስሳት የሚል አለበት?»

«አለበት።»

«የቱ ጋ ነው?»

ጣታቸውን ይዛ ቃሉ ላይ አስቀመጠችላቸው። ሳያነሡት «አልሀምዱሊላህ» አሉ። አዩብ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ገብቶ የእህቱን ግንባር ሳመ።

ሼህ ሀምዱ አምና ወደ አኼራ ሄዱ። ፈይዛ ወግዲ የእንስሳት ባለሙያ ሆና ትሠራለች። ስንገናኝ የምናነሣው የጋራ ኮርሶችን አብረን የተማርንበትን የቅዳሜውን ክፍል ነው፦ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የመምህሩ ድምፅ ይጠፋብን ነበር። እሱም ጠመኔውን አስቀምጦ ከእኛ ጋር መስኮቱ ሥር ይቀመጥና ዝናቡ እስኪያባራ ስለየአገራችን እንጫወት ነበር።