ሰባት ቤቱን ያልቆጠረው ሎርድ

የታጨደ ሣር በሸተተኝ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ዛሬም ቤት ኤሊዔዘር ሰፈር፣ ከሕንፃችን ሥር ማጨጃውን ሲያስነሱ፣ መስኮቱን ድርግም አድርጌ ዘጋሁት።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴ ነቬ ሐይም በሚባለው ሰፈር የአንድ አሜሪካዊ ግቢ አትክልተኛ ነበር፤ ዕብራይስጡን የምተረጉምለት እኔ ነበርኩ። አንድ ዓርብ ሰውየው ደብዳቤ ይዞ እየሳቀ ወጣ። አይቶት የማያውቀው ዘመዱ ስኮትላንድ ውስጥ ሞቶ የመኳንንት ማዕረጉ ለእሱ ደርሶታል። "ሎርድ ሆንኩ!" አለና የዘር ሐረጉ የተሳለበትን ወረቀት ዘረጋልን።

"ሰባተኛ አያቱ ማን ይባላሉ?" አለ አባቴ።

ተረጎምኩ። ሰውየው ወረቀቱ ላይ በጣቱ ፈልጎ ፈልጎ ትከሻውን ሰበቀ።

አባቴ መቀሱን ሣሩ ላይ ወረወረው። "እኔ እህቴን ወደዚህ ላስመጣ ሚስራድ፣ የስደተኞች ቢሮ ሄጄ ሰባት ቤቴን በቃሌ ብቆጥርላት፣ ጸሐፊዋ 'ወረቀት የለህም' ብላ ጎንደር አስቀረችብኝ። ይሄ አያቱን የማያውቅ ሰውዬ ባላባት ይባላል? በይ ንገሪው!"

ግማሹ አልገባኝም። ቁጣው ግን አስፈራኝ፤ ከሥራ የሚያባርሩት መሰለኝ።

"አባቴ ማዛል ቶቭ፣ እንኳን ደስ ያለህ ይልሃል" አልኩት።

ሎርዱ እየሳቀ የአባቴን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠው።

"ነገርሽው?" አለኝ አባቴ።

"ነገርኩት።"

አክስቴ ጎንደር ወረቀት ስትጠብቅ ሞተች። አባቴም ያ ሰውዬ ሁሉንም ሰምቶ እንደሳቀበት አምኖ ሞተ።