«አብሽር» የተባለው አስር አለቃ

ትእዛዙ የደረሰን ረፋድ ላይ ነው። ከመርሳ ተነስተን ውርጌሳ አጠገብ ካለው ኮረብታ ሥር እንድንሰፍርና ቁስለኛ እንድንቀበል ታዘዝን። በሕክምና ቡድናችን ውስጥ ቀዶ ሐኪም እኔ ብቻ ነበርኩ። ማዕረጌ ሻለቃ፣ ትውልዴ እዚያው ሀብሩ፣ ግራና ነው። ሙያውን የተማርኩት በሠራዊቱ ውስጥ ነው፤ ባደግሁበት አገር እሠራበታለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ዛሬ ወልድያ ውስጥ ኮንሰልታንት እባላለሁ። እናንተን ወጣት ሐኪሞችን አስከትዬ አልጋ ለአልጋ እዞራለሁ። «ሰውዬው በሽተኛ አያጽናናም» እያላችሁ እንደምታሙኝ ሰምቻለሁ። ሐሜታችሁ እውነት ነው፤ ምክንያቱን ግን ስሙ።

የሰፈርነው በአንድ ትምህርት ቤት ነው። የመምህራን ጠረጴዛ ገጣጥመን የቀዶ ጥገና አልጋ አደረግን። ከሰዓት በኋላ መድፉ ጀመረ። ቁስለኛው መጣ፤ በቃሬዛ፣ በበር ሳንቃ፣ በሰው ጀርባ። ወደ ደሴ የሚያሻግር መኪና ይላክላችኋል ተብለን ነበር። ጠበቅን። መኪናው የአለቆችን ጓዝ ሲያመላልስ ዋለ። ይህን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩም፤ ልልም አልፈልግም።

ጠረጴዛው አንድ፣ ሐኪሙም አንድ ስለሆነ መምረጥ ነበረብኝ። ሊድን የሚችለውን «አስገቡት» እላለሁ። የማይድነውን ምን ልበለው? ጎንበስ ብዬ ግንባሩን እዳስስና «አብሽር» እለዋለሁ። እኛ ወሎዎች፣ ክርስቲያኑም እስላሙም የምንለው ነው። አይዞህ፣ ያልፋል ማለት ነው። ሌላ የምሰጠው አልነበረኝም።

ወታደር ግን ነገር አያመልጠውም። በቀደሙት ግንባሮች ልብ ብለውት ኖሯል፤ ቃሉ በጦሩ ውስጥ ሌላ ትርጉም አገኘ። «እገሌስ እንዴት ሆነ?» ሲባል «አብሽር ተባለ» ይላሉ፤ አበቃለት ለማለት። እኔ ይህን አልሰማሁም ነበር።

አስር አለቃ ደመላሽ የጎጃም ልጅ ነው፤ በምሽግ ውስጥ እንኳ የሚቀልድ ሰው። ከጉልበቱ በታች ተመትቶ መጣ። ብዙ ደም ፈሶታል፤ ግን ጓዶቹ ጭኑን በቀበቶ ጥብቅ አድርገው ስላሰሩት ደሙ ቆሟል። አየሁትና ቀጣዩ እሱ እንዲሆን ለቃሬዛ ተሸካሚዎቹ ነግሬ ገባሁ። እግሩን ቢያጣ እንጂ ነፍሱን የሚያጣ አልነበረም።

ደጅ ላይ ቁስለኞቹን የምትጠብቀው ሲስተር ዘሃራ ነበረች። የመርሳ ልጅ ናት፤ በዚያው ጠዋት በፈቃዷ የተቀላቀለችን ነርስ። ወታደር ስላልሆነች የወታደሩን ቋንቋ አታውቅም። ደመላሽ ሲያቃስት ሰማችና ከንፈሩን በውሃ አራሰችለት። እናቷም ጎረቤቶቿም እንደሚሉት፣ «አብሽር ወንድሜ፣ አብሽር» አለችው። ሌላ ቁስለኛ ሲጠራት ሄደች።

የቀረውን የነገረኝ ከጎኑ ተኝቶ የነበረው ወታደር ጌታቸው ነው። እሱ ክንዱ እየደማ ነበር። ደመላሽ ዞሮ የጌታቸውን ክንድ አየ። ከዚያ ቀበቶውን ከጭኑ ላይ ፈታና ሰጠው።

«ይኸን እሰርበት። እኔ ተብያለሁ።»

ጌታቸው ቃሉን ስለሚያውቅ አልተከራከረም። ክንዱን አሰረበት። ደመላሽ ብርድ ልብሱን እስከ አንገቱ ሳበ፤ ተሸካሚዎቹ ሲመጡም አብሽር መባሉን ነግሮ ወደ ጌታቸው ጠቆማቸው። እነሱም ጌታቸውን ይዘውልኝ ገቡ።

«ደመላሽስ?» አልኩ።

«አብሽር ተብሏል፣ ጌታዬ።»

«ማን አለው?»

«ከእርስዎ ሌላ ማን ይላል?» አለኝ ተሸካሚው ግራ ገብቶት።

ቃሌ በእነሱ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ሮጬ ወጣሁ። ብርድ ልብሱን ስገልጥ ሥሩ ያለው አፈር ረጥቧል። አልደረስኩበትም።

ማምሻውን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ሰባት ሰው ቀበርን። ስድስቱን የትኛውም ሐኪም አያድናቸውም ነበር። ሰባተኛው በደግ ቃል ሞተ። ከሠራዊቱ ስሰናበት ስለ አገልግሎቴ ረጅም ንግግር ተደረገልኝ፤ ተናጋሪው በዚያ መኪና ጓዙ ሲመላለስለት ከዋሉት አለቆች አንዱ ነበር። አጨበጨቡ። እኔ ግን አላጨበጨብኩም።

ከዚያ ወዲህ ቃሉ ከአፌ አይወጣም። ሕሙም ሲያለቅስ እጁን ይዤ እቆማለሁ፤ ከዚያ በላይ አልችልም።

ሲስተር ዘሃራ አሁን እዚሁ ከእኔ ጋር እንደምትሠራ ታውቃላችሁ። ለገባው ሁሉ ቃሉን ትለዋለች፤ ሕመምተኞቹም በእሷ ቃል ይረጋጋሉ። ደመላሽ የሞተው ደሙ አልቆ እንደሆነ ታውቃለች፤ ቀበቶውን ለምን እንደፈታው ግን አታውቅም። እኔም ጌታቸውም አልነገርናት። እናንተም አደራ፣ እንዳታነሱባት።

ከባድ ቀዶ ጥገና ባለብኝ ቀን ጓንቴን እያጠለቀችልኝ «አብሽሩ ዶክተር» ትለኛለች። «አሜን» እላታለሁ። ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ ትንሽ እቆያለሁ፤ የሚታየኝ ያ የረጠበ አፈር ነው። እሷ ጸሎት እያደረስኩ ይመስላታል።