ለሁለት የተካፈልነው መድኃኒት

ሕመሙ የጀመረኝ ከምሳ በፊት ነው። የስፌት መኪናዬ ላይ አጎንብሼ ሳለ ከእምብርቴ ከፍ ብሎ አቃጠለኝ፤ ዳቦ ቀመስኩና ተወኝ። ለወራት እንዲሁ ሲሄድ ሲመጣ ቆየ። 18 ማዞሪያ አጠገብ አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን የምንሰፋው ጓደኛዬ ሸምሱም ያው ሕመም ነበረበት። «ጨጓራ ነው» እያልን ተልባ እየጠጣን ኖርን።

በመጨረሻ እኔ ተመረመርኩ። የሰገራ ምርመራው ኤች ፓይሎሪ የሚባለውን ባክቴሪያ አሳየ። ሐኪሟ ኦሜፕራዞል፣ አሞክሲሲሊንና ክላሪትሮማይሲን አዘዘችልኝ። «አሥራ አራት ቀን ሙሉ። ቢሻልህም እንዳታቋርጥ» አለችኝ።

በሰባተኛው ቀን ተሻለኝ። ሸምሱ ግን ማዶ ተቀምጦ ሆዱን እየደገፈ ይሰፋል። አሳዘነኝ። የቀረውን መድኃኒት ሰጠሁት።

«አንተስ?» አለኝ።

«እኔ ድኛለሁ፤ ውሰድ ባክህ» አልኩት።

እሱም ተሻለው። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ።

ከአምስት ወር በኋላ ሸምሱ ሥራ ላይ ወደቀ። ደም አስታወከ። ለካ ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ሰንብቶ ነበር፤ አልነገረኝም። ታክሲ ውስጥ ጭንቅላቱ ጭኔ ላይ ነበር። አላለቀስኩም። ምንም አልተሰማኝም። ሱሪዬ ላይ የወረደውን ደም አያለሁ። ደሙን ብቻ።

በኢንዶስኮፒ፣ በአፍ በሚገባ ቀጭን ካሜራ፣ ጨጓራው ውስጥ ቁስል አገኙ። ደሙን አቆሙለት። የሆስፒታሉ ሐኪም ስለ ቀድሞው ሕክምና ሲጠይቅ ያደረግነውን ተናገርኩ። ቀና ብሎ አየኝ። «ግማሽ መድኃኒት ባክቴሪያውን አይገድለውም፤ ከመድኃኒቱ ጋር ያላምደዋል እንጂ። ለሁለታችሁም አልሆነም» አለኝ። ስመረመር እውነትም ከኔም አልጠፋም ነበር።

ሁለተኛው ሕክምና ሌላ ዓይነት መድኃኒት ነበር፤ ክኒኑ የበዛ፣ አፍን ብረት ብረት የሚያሰኝ። ለየራሳችን ታዘዘልን። እሱ ባዶውን ማሸጊያ በየቀኑ እያሳየኝ፣ እኔም እያሳየሁት፣ አንዳንዴም ማን ይበልጥ እንዳቅለሸለሸው እየተከራከርን አሥራ አራቱን ቀን ጨረስን፤ ከዚያም ሐኪሙ በወሰነልን ጊዜ እንደገና በሰገራ ስንመረመር ከሁለታችንም ጠፍቶ ነበር።

ይኸው ስድስት ዓመት ሆነን። የሸምሱ ቁስል ድኖለት እንደ ልቡ ይበላል። የኔ ጨጓራ ግን ግድግዳው ሳስቷል፤ ባክቴሪያው ቢጠፋም የሳሳው ሁሉ ስላልተመለሰ ወደ ካንሰር እንዳይለወጥ ለመከታተል በቀጠሮ በኢንዶስኮፒ ይታይልኛል። እስካሁን የከፋ ነገር አልተገኘም። ውጤቱን ስሰማ ዛሬም አልደነግጥም፣ አልደሰትም። አብሮኝ የሚሄደው ሸምሱ ነው በኔ ፈንታ «አልሃምዱሊላህ» የሚለው።

ደሙን ላቆሙለት እጆች ምስጋናዬ አያልቅም። አንድም ቀን ላልወቀሰኝ ለሸምሱም እንዲሁ። እናንተም የታዘዘላችሁን ጨርሱ፤ ከጨረሳችሁም በኋላ መጥፋቱን ተመርመሩ። የታመመ ወዳጅ ካላችሁ መድኃኒታችሁን አታካፍሉት፤ እጁን ይዛችሁ ውሰዱት። እኔ የተመረመርኩበት ክሊኒክ ከምንሰፋበት ክፍል የአሥር ደቂቃ መንገድ ነበር።